እታለም የጠጣችው ቅጠል

በሰፈራችን የኢንተርኔት መድረክ ስለ እህቴ የጉበት ሕመም ጠይቄ ይህን ክር የከፈትኩት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ እየጠበቅሁ ነው። የካ አባዶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። ባልዲ ደርድሮ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስልኩን ከመነካካት ሌላ ምን ሥራ አለው? አሁን ምላሹ 31 ደርሷል። አዲስ የሚገቡት ከላይ ሳያነቡ ያንኑ እየጠየቁ ስላስቸገሩ፣ አድሚኑ የተባለውን ሁሉ በራሴ ቃል አሰባስቤ እንድጽፈው ለመነኝ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም፤ በጻፈው ኋላ ያፈረ ሰው አለና። እኔም ራሴ አንድ ሁለት ቦታ አለሁበት።

መጀመሪያ የጻፍኩት የእህቴን ጉዳይ ነበር። እታለም ነው የምላት፣ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። የልጇ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ስለነበር ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀሚሷን አሰፋች፤ ቀሚሱ ጠበባትና እንዲገባላት ብላ ካፕሱል ገዛች። የሸጠችላት ከዓረብ አገር ዕቃ እያስመጣች ቤቷ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሰው የሚያምናት፣ ክፋት የሌለባት። አንዱ ብልቃጥ 3,200 ብር። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል፤ ውስጡ ያለው የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ነው ይላል። እታለም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ካፕሱሉን ግን ጠዋት ሁለት፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለት በባዶ ሆዷ ትውጠው ነበር። ጾም ይገድፋል ወይ ስላት መድኃኒት አይገድፍም አለችኝ። ኋላ ሐኪሙ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ሲላት ደግሞ መድኃኒት አልነበረም፣ ቅጠል ነበር። ለጾሙ መድኃኒት፣ ለሐኪሙ ቅጠል። እኔም አጠገቧ ቆሜ ምንም አትወስድም ብዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት መዳፏን ያሳክካት ጀመር። ምግብ አስጠላት፣ ሽንቷ የቡና እጣቢ መሰለ። አንድ ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ስትለቅም ጠራኋትና ቀና አለች፤ የዓይኗ ነጩ እርድ የነካው ነጠላ መስሏል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ከለገጣፎ በኩል ካለ አጥር ሰንሰል ተቆርጦ መጣ፤ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ ስምንት ቀን ማለዳ ማለዳ ጠጣችው። በዘጠነኛው ቀን ትውከቱ አላቆም ሲል ሆስፒታል ወሰድናት። ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ 1,286 አለ፤ ላቦራቶሪው ከጎኑ የጻፈው ጤነኛ ልክ እስከ 40 ነው። ዓይን የሚያስቢጨው ቢሊሩቢን 14። የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢና ሲ ምርመራ ነጻ። በአልትራሳውንድ ጠጠር የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ምክንያቱ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ተረኛ የነበረች ወጣት ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሌላ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀች። መድኃኒት አላለችም። ሻይ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ከማር ጋር የተለወሰ ነገር፣ ከብልቃጥ አውጥታችሁ የምትውጡት፣ የሚያቀጥን፣ የሚያወፍር፣ ፀጉር የሚያበቅል እያለች ቆጠረችልን። ያን ጊዜ ነው እኔና እታለም የተያየነው። በነጋታው ብልቃጡን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት፤ ስምንት ፍሬ ቀርቶት ነበር። መድረኩ ላይ የጠየቅሁት ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ የደረሰበት ሌላ ሰው በሰፈራችን አለ ወይ?

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። እግዜር ይማራት ብሎ የካፕሱሉን ስም ጠየቀኝ። አልተናገርኩም። ሰው አንድ ስም ከሰማ የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው ብሎ ያርፋል ብዬ ነው። ብዙዎች በዚህ ተቀይመውኛል፣ እስካሁንም አልተናገርኩም።

2ኛዋ ያንኑ ካፕሱል ሳትጠጣ አልቀረችም። ከዚያችው ሴት ገዝታ ሦስት ወር ወስዳ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች፣ ምንም አልሆነችም። ስለዚህ የእህቴ በሽታ ከሌላ ነው አለች። አነጋገሯ አላስከፋኝም፤ እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነበር።

3ኛው ጋሼ ናቸው፤ እድሜያቸውን ራሳቸው ስለጻፉት ነው ጋሼ የምላቸው፣ 74 ዓመታቸው ነው። ቆጣ ብለው ገቡ። አባቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል፣ ፌጦና ጤናዳም እንጂ ክኒን መች ያውቁ ነበር፣ የዛሬ ልጅ የገዛ ቅጠሉን ይንቃል አሉ። አስከትለውም ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ጠሩ፤ እንዶድን ለዓለም ያሳወቁ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እያሉ እናንተ ቅጠል መርዝ ነው ትላላችሁ ብለው ወረዱብን። ይህ ምላሽ እስካሁን ብዙ ሰው የወደደው እሱ ነው።

4ኛው የባዮሎጂ አስተማሪ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ነው። ለጋሼ በአክብሮት ነገር ግን ጠንከር ብሎ መለሰላቸው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ሆነ፤ ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ነው። እንግዲህ የእንዶድ ክብር በመግደሉ ነው፣ ይጠጣ ያለ ሰው የለም አለ። ቅጠል ኃይል አለው ካልን ኃይሉ ለመልካም ብቻ ነው ማለት አንችልም። እኔ ከክሩ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ ጋሼን ግን አላስደሰታቸውም።

5ኛዋ ሐኪም መሆኗን ሳትደብቅ የገባች ሴት ናት፣ የ2ኛዋን ጥያቄ ነው የያዘችው። አንድ ካፕሱል ሁለት ሰው ጠጥቶ አንዱ ብቻ ለምን ይታመማል? ጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሁለት መንገድ ነው አለች። አንዱ መጠኑ ከበዛ ማንንም የሚጥል ነው። ሌላው የሰውየው ገላ ባሕርይ ነው፤ ከብዙ ሺህ ጠጪ ጥቂቱን ብቻ ይመርጣል፣ ማንን እንደሚመርጥ አስቀድሞ አይታይም። በአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች አብዛኞቹ ላይ ኤችኤልኤ-ቢ 35:01 የሚባል የዘር ምልክት ተገኝቷል። ምልክቱ ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም፣ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ለዚህ ብሎ የሚመረምር የለም። ሻይ ሆኖ ሲጠጣና ካፕሱል ሆኖ ሲዋጥ አንድ አለመሆኑንም በቁጥር አስቀመጠችው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ሻዩን ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ኢጂሲጂ ከሚባለው ንጥረ ነገር በቀን የሚያገኘው በአማካይ ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ነው፤ በካፕሱል 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን የጉበት ምርመራ ከፍ ማለት ይጀምራል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል።

ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ።

6ኛዋ ደነገጠች መሰለኝ፣ አልጫዋ ላይ እርድ መጨመር ታቁም ወይ፣ ሽፈራውስ፣ ዝንጅብልስ ብላ ደረደረችው። 7ኛው አረጋጋት። ወጥ ውስጥ የሚገባ እርድ ማንንም አልጎዳም፤ ወሬው ያለው በክኒን ስለሚሸጠው ነው። እርድ ብቻውን ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ አምራቾቹ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን ይጨምሩበታል። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ጉበት ጉዳትን የሚከታተል የሐኪሞች ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2022 ከእርድ ክኒን ጋር የተያያዙ አሥር ሕመምተኞች መዝግቧል፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ያንኑ 5ኛዋ የጠቀሰችውን የዘር ምልክት ይዘው ተገኝተዋል። ስለ ሽፈራው አልመለሰላትም፤ እኔም ስለማላውቅ ዝም ብያለሁ።

8ኛው ጉበት ማጽጃ ሽሮፕ አለኝ፣ ሰንዳፋ ድረስ በባጃጅ አደርሳለሁ ብሎ ለጠፈ። አድሚኑ አጠፋው። ጉበት ማጽጃ! የሚያጸዳው ራሱ ጉበት መሆኑን ያልሰማ ነጋዴ።

9ኛዋ እማማ ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው ያስተላለፉት። ረጅም ነው፣ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጃቸው የስምንት ዓመት ሳለ ሰንዳፋ ገበሬ ቤት ሲኖሩ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው ተባለ፤ አንድ አዋቂ ሰንሰል ጨምቆ በፍየል ወተት አጠጣው፣ ከእሳት አጠገብ አስተኝተው ቅቤና ሥጋ ከለከሉት፣ በሁለተኛው ሳምንት ተነስቶ ከብት ጠበቀ። ያ ልጅ ዛሬ አሁን የሚጽፍላቸው ሰው ነው። እማማ እኔን አልተቆጡም፤ ሰንሰል ልጄን ያተረፈልኝ ነው፣ ስሙን አታንሱብኝ ነው ያሉት። ይህን ያነበበ ሰው ምን ይላል?

10ኛው ላቦራቶሪ የሚሠራ ልጅ ነው፣ እማማን እናቴ እያለ ነው የመለሰው። በልጅነት ዓይን የሚያስቢጨው በአብዛኛው ሄፓታይተስ ኤ ነው፣ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ። ይህ ሕመም ከልጅ ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ሰንሰል ጠጣም አልጠጣም። ሰው ግን ሲድን መጨረሻ ላይ እጁ የነበረውን ነገር ያመሰግናል። ልጁን ያዳነው ምናልባት እሳት ዳር ማረፉና እናቱ ናቸው አለ። ሰንሰል ክፉ ነው አላለም። ቢጫነቱ ከካፕሱል ሲሆን፣ ወይም ከሐሞት ጠጠር፣ ወይም ከሄፓታይተስ ቢ ሲሆን ግን በሰንሰል የሚባክነው ሳምንት ይጎዳል። የእኛው ስምንት ቀን።

11ኛው የእማማ ልጅ ራሱ ነው፣ በገዛ ስሙ ገብቶ ተቆጣ። አንተ ያኔ ሰንዳፋ ነበርክ ወይ? ምርመራ ሳታየኝ ኤ ነው ያልከኝ በምንህ ነው? አለው። እውነቱን ነው፣ ያየው የለም። 10ኛው ይቅርታ ጠይቆ በአብዛኛው ከሚሆነው ተነስቼ በግምት ነው የነገርኩህ አለ፣ ነገሩ በዚያ በረደ።

12 እና 13 የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ታሪፍ እጥፍ ያስከፍላሉ የሚል ክርክር። ይህን ለምን እዚህ እንዳመጡት አላውቅም፣ ግን ልክ ናቸው።

14ኛው አጭር ጥያቄ ወረወረ፦ ጫትስ? ከዚያ እስከ 18ኛው ድረስ ያለው ጦርነት ነው። 15ኛው ጫት ምግብ ነው፣ ሃይማኖትና ባህል አትንኩ አለ። 16ኛው አሽሟጠጠው፣ ከብሎኩ ሥር የሚቀመጡበትን ሰዓት ሁሉ ቆጠረለት። 17ኛው የሰው እናት ሰደበና አድሚኑ አወጣው። ከዚህ ሁሉ መሃል ቁም ነገር ያመጣችው 5ኛዋ ናት፣ በ18ኛው ተመልሳ። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ፤ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የሚቅም ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ የሚቅመው ሲበዛ ደግሞ አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። በዓመታት የሚመጣ ጉዳት ነው፣ የእህቴ ዓይነት የሰባት ሳምንት አይደለም አለች። የትኛውንም ወገን አልሰደበችም። 15ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

19ኛው ጂም የሚሠራ ወጣት ነው። ሰውነት የሚያፈረጥም ካፕሱል ከጂም ጓደኛው ገዝቶ ሁለት ወር ከወሰደ በኋላ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ያዘው፣ ቆዳው እስኪደማ ያክክ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሳለ ምርመራው ላይ ኤስጂፒቲው እምብዛም ከፍ አላለም፣ ቢሊሩቢኑ ብቻ ነው ጣሪያ የነካው። ብልቃጡ ላይ ቪታሚንና ቅጠል ነው የተጻፈው፤ ሐኪሙ ግን ውስጡ ስቴሮይድ ተደብቆ ሊሆን ይችላል አለው። ወንድ ልጅ ለእናቱ የማይናገረውን እዚህ ተናገረ። ሦስት ወር ፈጅቶበት ድኗል። ብዙ ሰው አይዞህ አለው፣ አንዱ ደግሞ የደረት ፎቶህን ላክ ብሎ ቀለደበት።

20ኛዋ ፋርማሲስት ናት። ምላሿ ከረዘመው ሁሉ ይረዝማል፣ የያዝኩትን ብቻ ልንገራችሁ። የማቅጠኛ ቅጠል ጉበት ሲጎዳ የመጀመሪያው አይደለም። ጀርማንደር የምትባል አበባ አውሮፓ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በሻይ መልክ ትጠጣ ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ ለማቅጠኛ በካፕሱል ስትሸጥ ግን የሰው ጉበት መቃጠል ጀመረና እ.ኤ.አ. በ1992 ከገበያ ወጣች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለው ዕቃ ገበያ ከመግባቱ በፊት ደህንነቱን አስመስክሮ ፈቃድ ማውጣት የለበትም፤ ስለዚህ የአሜሪካ ነው ማለት ተፈትኗል ማለት አይደለም። ጉበት ከጎዱት ብልቃጦች ተሰብስበው በላቦራቶሪ ሲፈተሹ በግማሽ ያህሉ ውስጥ ያለውና ላዩ ላይ የተጻፈው አልገጠመም። በእኛ አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚሠራ፤ በነጻ ስልክ 8482 ማሳወቅ ይቻላል። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቤት ለቤት የሚሸጠው ማንም ሳያየው ነው የሚመጣው። እሷ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ ብልቃጡን አትጣሉት፣ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ።

21ኛው ተነሳባት። ጨዋ ቋንቋ አልነበረም። ፋርማሲስት ስለሆንሽ ነው፣ ያንቺ ሸቀጥ እንዲሸጥ ነው፤ ፓራሲታሞልስ ጉበት አይገድልም? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትስ? አላት።

22ኛው የእሷ መልስ ነው። ልክ ነህ አለችው። ፓራሲታሞል ከ500ው ፍሬ በቀን ስምንት ከታለፈ ጉበት ይጎዳል፤ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ጉበት በድንገት ሲደክም ቀዳሚው ምክንያት እሱ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድም ጉበት ይነካል። ልዩነቱ ልኩ መታወቁ ነው፤ ፓራሲታሞል ለበዛበት ሰው በጊዜ ከተደረሰ የሚሰጥ ማርከሻ አለ፣ የነቀርሳ ሕመምተኛንም ሐኪም እየጠራ ይመረምረዋል። የእታለምን ካፕሱል ማን ይከታተለው ነበር? እኔ ብሆን ይህን ያህል ትዕግሥት አይኖረኝም።

23ኛው ትግራይ የሠራ ጤና መኮንን ነው። ቅጠል ይጎዳል ወይ ለሚለው ሌላ በር ከፈተ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዳ እምባ በምትባል መንደር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰው ሆድ እያበጠ፣ ጉበት እየጠና መሞት መጣ፤ ከብቱም ጭምር። ብዙ ነገር ተጠረጠረ። ኋላ እህሉ ሲመረመር አጀራተም የሚባል አረም ፍሬ ተቀላቅሎበት ተገኘ፤ ፍሬው ጉበት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችን የሚዘጋ መርዝ አለው። እነዚያ ሰዎች መድኃኒት ብለው የጠጡት የለም፣ እንጀራቸውን ነው የበሉት አለ። ከዚህ ምላሽ በኋላ ክሩ ለአንድ ቀን ተኩል ዝም አለ።

24ኛው ምክንያቱን ያላወቅነው ሰው ነው፤ ንጹሕ የላሊበላ ማር አለኝ አለና ሄደ።

25ኛዋ በቀጥታ ጠየቀች፦ ሰው መቼ ነው ሆስፒታል መሮጥ ያለበት? 5ኛዋ መለሰችላት። ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ከሆነ የሚውጡትን ማቆምና መመርመር። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ቀን አይቆጠርም። ሃይማን ዚመርማን የሚባል ሐኪም ያስተዋለው ደንብ አለ፤ መድኃኒት ወይም ቅጠል የጉበትን ሕዋስ ጎድቶ ዓይን እስከማስቢጨት ከደረሰ፣ እንዲህ ከሆኑት ከአሥር አንዱ ገደማ ሊሞት ወይም ጉበት ማስቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ግራ መጋባት፣ ቀን መተኛትና ሌሊት መንቃት፣ ድድ መድማት ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ። ጉበት ለማስቀየር ሰው ህንድ ድረስ እንደሚሄድ የጠቀሰም አለ፣ ስንት ብር እንደሚያስከፍል መጻፍ ጀምረው አድሚኑ አስቆማቸው።

ከአሥር አንዱ። ይህን ለእታለም አላነበብኩላትም።

26ኛዋ እኔን ወቀሰችኝ። ሻጯን ሰፈሩ በሙሉ አውቋታል፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፣ እንጀራዋን ዘጋሽ አለችኝ። 27ኛው የእኔ ነው፤ በንዴት ጻፍኩት። ስሟን አልጠቀስኩም፣ ብሎኳን አልጠቀስኩም፣ ካፕሱሉን እንኳ አልጠቀስኩም፤ ለእህቴ ዓይንስ ማን ያስብ? አልኩ። ጥሩ አልነበረም። 26ኛዋ ያለችው ሁሉ ውሸት አልነበረማ፤ ከዓረብ አገር የመጣ ሁሉ የእሷ ነው እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ።

28ኛው ጋሼ ናቸው፣ ከ3ኛው ወዲህ ዝም ብለው ቆይተው። ለዘብ ብለው ነው የመጡት። አስተማሪው ስለ እንዶድ ያለውን አስበውበታል። ኮሶም እኮ እንዲህ ዝም ብሎ አይጠጣም ነበር አሉ። እናታቸው አበባውን ፈጭተው፣ በጣሳ ለክተው፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይሰጧቸዋል፤ ያን ቀን ሰው ሥራ አይወጣም፣ ነፍሰ ጡር አትጠጣም፣ የከሳ ሰው አይጠጣም፤ ከዚያ ወር ሁለት ወር እስኪያልፍ ማንም አይደግመውም። የበዛበት ሰው ዓይኑ እንደሚታወር ሰምተዋል። እና ቅጠል ምንም አያደርግም ያለ አባት አላውቅም፣ እነሱ ፈርተውት ነው የጠጡት አሉ። ኮሶ በየቀኑ አራት ፍሬ ሰባት ሳምንት ሲጠጣ አላየሁም ብለው ጨረሱ።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሌሊት ስለነበር ይሆናል።

29ኛዋ ሻጯ ናት። ማንም አልጠበቃትም። በአጭሩ ጻፈች፦ ራሷም ጠጥታዋለች፣ እህቷም ጠጥታዋለች፣ እንዲህ ያደርጋል ብላ አላሰበችም። አሥራ አንድ ብልቃጥ ቀርቷታል። የእታለምን 3,200 ብር እመልሳለሁ፣ የቀረውን ግን የት ልጣለው ብላ ጠየቀች። 30ኛው ምላሽ የፋርማሲስቷ ነው፤ ሽንት ቤት እንዳትደፋው፣ 8482 ደውላ የት እንደምታስረክብ እንድትጠይቅ ነገረቻት። ማግስቱ እሑድ ሻጯ ብሩን በፖስታ ይዛ ቤታችን መጣች። እታለም ብሩን አልተቀበለችም፤ ቡና አፈላች፣ እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

31ኛው ከላይ ሳያነብ የካፕሱሉን ስም ጠየቀ።

የእታለምን ነገር ለምትጠይቁ፦ ካፕሱሉንም ሰንሰሉንም ካቆመች ዘጠነኛ ሳምንቷ ነው። ኤስጂፒቲ ከ1,286 ወደ 410፣ ከዚያ 133፣ ባለፈው ሐሙስ 58። ማሳከኩ ከሁሉ ዘግይቶ ነው የለቀቃት። ሠርጉ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፎቶው ላይ ኩራት ነው የሚመስለው። ቀሚሱ ሰፍቷት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዤላት ነበር። ብልቃጡ ከነስምንቱ ፍሬ እኔ ጋ ነው፣ የፊታችን ሐሙስ ለቀጠሮ ስንሄድ ያቺ ተረኛ ሐኪም እንድናመጣላት ጠይቃናለች።

ውሃው መጣ መሰለኝ፣ ከታች ጀሪካን ሲንኳኳ እሰማለሁ።